የኪስ ኮምፒውተሩን መጠበቅ ይብቃ

ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ጣት የሚያርፍበት እውነተኛ ኪቦርድ ያለው፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ የሚዘልቅ፣ ባለቤቱም የፈለገውን ፕሮግራም የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚጭንበት ኮምፒውተር። ይህን የሚጠብቁ ሰዎች ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቀዋል። መንገድ ላይ ዜናውን የሚጽፍ ጋዜጠኛ፣ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ መረጃ የሚሰበስብ የጤና ባለሙያ፣ ላፕቶፕ መሸከም ትከሻውን የጎዳው ተርጓሚ፣ ሁሉም አዲስ ዕቃ በታወጀ ቁጥር «በቃ፣ ይሄኛው ነው» ይላሉ። ሲገዙት አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ወይ ኪቦርዱ፣ ወይ ባትሪው፣ ወይ ነፃነቱ። ዝግጅት ክፍላችን ነገሩን መርምሮ የደረሰበት ፍርድ ይህ ነው፦ የሚጠበቀው ዕቃ ሁሉን በአንድ አካል አሟልቶ አይመጣም፤ ስለዚህ መጠበቁ ይብቃ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ለስልክ አምራቾች ነው፤ የሸጡልንን ኮምፒውተር ቆልፈው የያዙት እነሱ ናቸውና።

ጠባቂዎቹን ሕልመኞች የሚላቸው ሰው ታሪኩን አያውቅም። የፈለጉትን ነገር አንድ ወቅት በእጃቸው ይዘውት ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን።) በ1994 የአሜሪካው ኤችፒ 200ኤልኤክስ የተባለውን ዕቃ ለገበያ አቀረበ። ክብደቱ 312 ግራም ነው። ውስጡ ኤምኤስ ዶስ ይሠራል፤ የዘመኑ የሒሳብ ሠራተኞች በቢሮ ኮምፒውተራቸው የሚያውቁት ሎተስ 1-2-3 ከፋብሪካው ተጭኖበት ይመጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ የእንግሊዙ ሳይዮን ሲሪዝ 5ን አወጣ። 354 ግራም ይመዝናል፣ ወርዱ 17 ሴንቲ ሜትር ነው። ክዳኑ ሲከፈት ኪቦርዱ ወደ ፊት ተንሸራቶ ይወጣል፤ ስክሪኑም ሚዛኑን ጠብቆ ስለሚደገፍ በጣት ሲነካ ዕቃው ወደ ኋላ አይገለበጥም። ኪቦርዱንና ማጠፊያውን የነደፈው ማርቲን ሪዲፎርድ ነው። በዚያ መጠን ላይ ከዚያ የተሻለ የመተየቢያ ንድፍ እስከ ዛሬ አላየንም።

ሁለቱም የሚሠሩት በሁለት ባትሪ ድንጋይ ነበር፤ ለግድግዳ ሰዓትና ለትንንሽ ሬዲዮ ከየሱቁ በምንገዛው ድንጋይ። በልክ ለሚጠቀም ሰው 200ኤልኤክስ በሁለት ድንጋይ ሳምንታት ይቆይ ነበር። ድንጋዩ ሲያልቅ አዲስ መክተት ብቻ ነው፤ ሶኬት መፈለግ፣ መብራት መጥቶ እንደሆነ መጠየቅ የለም። ሲከፈት ወዲያው ይነሣል፤ ሲዘጋ ጽሑፉ በነበረበት ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ በሲሪዝ 5 ውስጥ 18 ሜጋ ኸርዝ፣ በ200ኤልኤክስ ውስጥ ወደ 8 ሜጋ ኸርዝ በሚሆን ፕሮሰሰር ነበር። የዛሬ ስልክ ፍጥነት በሺህ ሜጋ ኸርዝ ይቆጠራል፤ ማታ ቻርጅ ካላደረጉት ግን ነገ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል።

ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ሌላ ነው። የሳይዮን ባለቤት ኦፒኤል በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የራሱን ፕሮግራም እዚያው ዕቃው ላይ ጽፎ፣ እዚያው ያስኬደው ነበር። ነጋዴው የዱቤ መዝገቡን፣ መሐንዲሱ የስሌት ቀመሩን በራሱ እጅ ይሠራል። የሚፈቅድለትም የሚከለክለውም የለም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አለን ኬይ በ1972 ለልጆች የሚሆን ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር በወረቀት ላይ ሲነድፍ፣ ልጁ የተሠራለትን የሚመለከት ብቻ ሳይሆን የራሱን የሚሠራ እንዲሆን ነበር ያሰበው። ለጥቂት ዓመታት ይህ ሐሳብ በኪስ ውስጥ ሥጋ ለብሶ ነበር።

ከዚያ ጠፋ። ኤችፒ 200ኤልኤክስን በ1999 ማምረት አቆመ። ሳይዮን በ1998 ከኖኪያ፣ ከኤሪክሰንና ከሞቶሮላ ጋር ሆኖ ሲምቢያን የተባለውን የስልክ ሶፍትዌር ኩባንያ መሠረተ፤ የኪስ ኮምፒውተሩ ሶፍትዌር ወደ ስልክ ተሻገረ፣ ኪቦርዱ ግን እዚያው ቀረ። በ2001 ኩባንያው ለተራው ተጠቃሚ ዕቃ መሥራቱን ተወ። ምክንያቱ የቴክኒክ ውድቀት አልነበረም። ስልክ ለሁሉም ይሸጣል፤ የሚጽፍ ሰው ዕቃ ለጥቂቶች ይሸጣል። ገንዘቡ ወደ ብዙኃኑ ሄደ።

እኛ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ከዚያ ወርቃማ ዘመን የደረሰን ነገር የለም። ፊደላችን የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በሚመዘግበው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በሦስተኛው ዕትም፣ በ1999 ነው፤ 200ኤልኤክስ በተቋረጠበት በዚያው ዓመት። ዛሬ ርካሹ ስልክ እንኳ ፊደሉን ያነባል፣ ይጽፋል። ለብዙ ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ኮምፒውተር ስልኩ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፋቸውን ምዕራፍ በምዕራፍ በአውራ ጣት የሚጽፉ ተማሪዎች አሉ። ስለዚህ ያለፈውን የምናደንቀው ይመለስ ብለን አይደለም። ስልኩን ያተረፍን ሰዎች ነን፤ ስልኩ ኮምፒውተርነቱን እንዳይከለክለን ነው የምንጠይቀው።

ከዚያ ወዲህ የተሞከሩትን ቆጥረን አንጨርሳቸውም። የአፕል ኒውተን በ1993 ወጥቶ የእጅ ጽሕፈት አነባለሁ አለ፣ በ1998 ተቋረጠ። ኦኪውኦ የተባለ ኩባንያ በ2004 ሙሉ ዊንዶውስ ኤክስፒን መዳፍ ላይ አስቀመጠ፣ በ2009 ተዘጋ። ሶኒ በ2009 ቫዮ ፒ የተባለውን ትንሽ ላፕቶፕ አመጣ፤ በ8 ኢንች ስክሪን ላይ 1600 በ768 ነጥብ ስላጨቀበት ጽሑፉ ዓይን እስኪያስለቅስ ድረስ ደቀቀ። በ2018 ለገዢዎች የደረሰው ጀሚናይ የተባለው የኪስ ኮምፒውተር የዚያው የሪዲፎርድ እጅ ያለበት ኪቦርድ ነበረው፤ ብዙዎች ጥበቃው አበቃ ብለው ነበር። አንድሮይድ 7 ይዞ ወጣ፣ 8 ላይ ቆመ፤ የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ዕቃ ላይ የባንክ መተግበሪያ መክፈት ደግሞ ማንም አይመክርም። የትንንሽ ኩባንያዎች ዕጣ ይህ ነው፤ ዕቃውን ይሠሩታል፣ ዕድሜውን ሙሉ ሊንከባከቡት ግን አቅም የላቸውም።

ሁሉንም የጣላቸው አንድ የማይታለፍ ነገርም አለ፤ የሰው አካል ነው። በተለመደው ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አሥር ፊደል በአንድ መስመር ሲደረደር 19 ሴንቲ ሜትር ሞላ። ይህ በየትኛውም የሸሚዝ ኪስ አይገባም። ፕሮሰሰር በየዓመቱ ያንሳል፤ ጣት ግን አያንስም፣ ዓይንም በሃምሳ ዓመቱ ከሃያ ዓመቱ ይልቅ ትልቅ ጽሑፍ ይፈልጋል። ኪቦርዱን ያሳነሰ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስክሪኑን ያሰፋ ከኪስ ይወጣል። በተለይ ከ230 በላይ ለሆነ ፊደል፣ አንዱን ሆሄ ለማውጣት ሁለት ሦስት ጊዜ መንካት ለሚያስፈልገው ሰው፣ የጠበበ ቁልፍ ጭንቀቱን ያበዛዋል። ተሟልቶ አይመጣም ያልነው ለዚህ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ኪሱ ኮምፒውተሩን እንዲይዝ፣ ኪቦርዱና ስክሪኑ ደግሞ በደረስንበት ቦታ እንዲጠብቁን ማድረግ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሞቶሮላ በ2011 አትሪክስ የተባለውን ስልክ ላፕቶፕ በሚመስል ማደሪያ ላይ እንዲሰካ አድርጎ ሠራ፤ ማደሪያው ብቻውን 500 ዶላር ገደማ ያስወጣ ስለነበር ሰው ሌላ ላፕቶፕ መግዛቱን መረጠ። በ2013 የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል፣ ስክሪን ላይ ሲሰካ ሙሉ ኮምፒውተር የሚሆን ስልክ ለመሥራት ከሕዝብ 32 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። የተገኘው ቃል 12.8 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር ስልኩ ሳይሠራ ቀረ። ማይክሮሶፍት በ2015 በሉሚያ 950 ስልኩ ሞከረው፤ ብዙም ሳይቆይ ስልኮቹ ራሳቸው ከገበያ ወጡ። ሳምሰንግ በ2017 ስልኩ ስክሪን ላይ ሲሰካ የሚከፈተውን ዴክስ የተባለ የሥራ ገጽ ከጋላክሲ ኤስ8 ጋር አስጀመረ፤ እሱ እስከ ዛሬ አለ፣ ይሠራል። ጉግልም በ2025 ከሳምሰንግ ጋር ሆኖ ይህንኑ ችሎታ በአንድሮይድ ውስጥ እንደሚያስገባ ይፋ አደረገ።

አቅም የለም የሚለው ምክንያት ከዚህ በኋላ አይሠራም። ለዚህ ምስክሩ አፕል ራሱ ነው። በ2020 ኩባንያው ለሶፍትዌር ሠሪዎች በላከው የሙከራ ኮምፒውተር ላይ ሙሉው የማክ ሥርዓት ይሠራ የነበረው ኤ12ዜድ በተባለ ፕሮሰሰር ነው፤ ይህ ደግሞ የአይፓድ ፕሮ ፕሮሰሰር ነበር። በቀጣዩ ዓመት በተቃራኒው የማኩን ኤም1 ፕሮሰሰር አይፓድ ፕሮ ውስጥ ከተተው። ፕሮሰሰሩ አንድ ነው፤ ገዢው ግን በአንደኛው ላይ የሚችለውን በሌላኛው ላይ አይችልም። አይፎን 15ም ባለ ዩኤስቢ ሲ ሆኖ በ2023 ሲወጣ ምስሉን ወደ ትልቅ ስክሪን ያስተላልፋል፤ ነገር ግን በመሠረቱ የስልኩን መልክ እንዳለ አጉልቶ ያሳያል እንጂ መስኮቶች ጎን ለጎን የሚከፈቱበት የሥራ ገጽ አይሰጥም። ቤቱን ሸጦ የጓዳውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እንደሚያስቀር ሻጭ ማለት ነው። ሁለት ዕቃ መሸጥ አንድ ከመሸጥ ይሻላል የሚለው ስሌት ለኩባንያው ያዋጣ ይሆናል፤ ገንዘቡን አጠራቅሞ አንድ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ግን በደል ነው።

ርካሾቹ ስልኮች ላይ ያለው ቁልፍ ደግሞ የማይታይ ነው። ቀዳዳው ያው ዩኤስቢ ሲ ይመስላል፣ ኬብሉም ይገባል፣ ምስል ግን አይወጣም። ዴክስም ቢሆን በዋነኛነት የተሰጠው ለውዶቹ ጋላክሲዎች ነው። ሁለተኛ ኮምፒውተር መግዛት የማይችለው ሰው፣ ይህ ችሎታ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሰው፣ እሱ ነው የተከለከለው። በዚህ ጉዳይ ላይ የዝግጅት ክፍላችን ቅሬታ ከየትኛውም ነጥብ ይልቅ ይበረታል።

የሚቃወሙን ሰዎች እውነት አላቸው፤ ልንደብቀው አንፈልግም። በአውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ለሚጽፍ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ለሚተይብ ሰው፣ ስልክና ታጣፊ የብሉቱዝ ኪቦርድ የሲሪዝ 5ን ቦታ አይተኩም። ጠረጴዛ ይፈልጋሉ። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ ያንን ዕቃ ያጡ ሰዎች የሚሰማቸውን እንረዳለን። ሳምሰንግ በ2019 መሸጥ የጀመራቸው ዓይነት ታጣፊ ስልኮችም ክፍተቱን አይዘጉትም፤ ስክሪኑን ያሰፋሉ፣ ኪቦርዱ ግን ያው መስታወት ነው፣ ዋጋቸውም ከጥሩ ላፕቶፕ ይበልጣል። ቢሆንም ጎደሎውን ዕቃ እየተጠቀሙ መጻፍ፣ ሙሉውን እየጠበቁ ካለመጻፍ ይሻላል። ባልተጻፈው ዘገባ፣ ባልታረመው ትርጉም፣ በዘገየው ጥናት የሚከፈለውን ዋጋ ማንም አይቆጥረውም።

ቁልፉ ሊከፈት እንደሚችልም አይተናል። የአውሮፓ ኅብረት ስልኮች ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ እንዲደረጉ በሕግ ሲያስገድድ፣ አፕል ለዓመታት የተሟገተለትን የራሱን ቀዳዳ ቀድሞ ተወው፤ ለአውሮፓ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም። በ2024 ደግሞ የኅብረቱ ሕግ በአይፎን ላይ ከአፕል ገበያ ውጭ መተግበሪያ መጫን እንዲቻል አድርጓል፤ ይህኛው ግን እንደ ቀዳዳው ለሁላችንም አልደረሰም። በአውሮፓ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ድምፃችሁ እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ሌሎቻችን በእጃችን ያለው ምርጫችን ነው። ስልክ ስትገዙ፣ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ዘመድ ሲልክላችሁ፣ ከካሜራው በፊት ጠይቁ፦ በኬብል ምስል ያወጣል? ስክሪን ላይ ሲሰካ የሥራ ገጽ ይከፍታል? ማሻሻያ የሚያገኘው ለስንት ዓመት ነው? ገና ላልተሠራ ዕቃ ደግሞ ቅድሚያ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ስዕሉ ምንም ያህል ቢያምር።

ዝግጅት ክፍላችን በበኩሉ ከሚቀጥለው ዕትም ጀምሮ የሚገመግመውን ስልክ ሁሉ ከስክሪንና ከኪቦርድ ጋር አገናኝቶ ይፈትሻል። ሁለት ገጽ አማርኛ እንተይብበታለን፣ ሰንጠረዥ እንሠራበታለን፣ ፋይሉን በፍላሽ አውጥተን ማተሚያ ቤት እንወስደዋለን። ይህን ያልቻለ ስልክ፣ ዋጋው መቶ ሺህ ብርም ይሁን ከዚያ በላይ፣ ከእኛ የ«ግዙት» ምክር አያገኝም።