ጉቦን ያባረረው፣ በሩን ግን ያልከፈተው ዳኛ

ባለሥልጣን የሚመዘነው በሠራው ብቻ ነው ወይስ መሥራት እየቻለ በተወውም ጭምር? የአሜሪካ ቤዝቦል የመጀመሪያ ኮሚሽነር የነበረው ኬነሶ ማውንቴን ላንዲስ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላንዲስ በ1866 ኦሃዮ ውስጥ ተወለደ። ስሙ የተራራ ስም ነው፤ አባቱ በእርስ በርስ ጦርነቱ የቆሰለበት የጆርጂያ ተራራ። በ1905 የፌደራል ዳኛ ሆነ። በ1907 ስታንዳርድ ኦይልን ከ29 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀጣ። ቅጣቱ በይግባኝ ቢሻርም ሀብታም የማይፈራ ዳኛ የሚል ስም አተረፈለት።

ይህ ስም ነበር ለኮሚሽነርነት ያበቃው። የ1919ኙን የፍጻሜ ውድድር የቺካጎ ዋይት ሶክስ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ጋር ተመሳጥረው ሸጡት ተባለ። የሕዝብ አመኔታ የሸሻቸው የክለብ ባለቤቶች በ1920 ላንዲስን ሾሙ። በውሳኔው ላይ ፍርድ ቤት ላለመሄድም ተስማሙ። በነሐሴ 1921 ጁሪው ተከሳሾቹን በነጻ አሰናበተ፤ ላንዲስ ግን በማግስቱ ስምንት ተጫዋቾችን ዕድሜ ልክ አገደ።

ከስምንቱ አንዱ ባክ ዊቨር ነበር። ገንዘብ አልተቀበለም፤ ጥፋቱ ሴራውን እያወቀ ዝም ማለቱ ነው። በላንዲስ ሚዛን አውቆ ዝም ማለት ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ በደል ነበር።

እንግዲህ ላንዲስን በራሱ ሚዛን እንመዝነው። እስከ ሞተበት እስከ 1944 ድረስ በሥልጣን ላይ በቆየባቸው 24 ዓመታት አንድም ጥቁር ተጫዋች በዋናዎቹ ሊጎች አልተሰለፈም። በ1942 ሲጠየቅ ጥቁሮችን የሚከለክል ሕግ የለም አለ። እውነት ነው፣ የተጻፈ ሕግ አልነበረም። ያልተጻፈውን ግን ማን አያውቅም ነበር?

ተከራካሪዎቹ የዘር አጥሩን እሱ አልሠራውም ይላሉ። ልክ ናቸው፤ አጥሩ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ነው፤ ባለቤቶቹም ይፈልጉት ነበር። ነገር ግን ጁሪ ነጻ ያለውን ሰው በአንድ ቀን ማባረር የቻለ ሰው አቅም አልነበረኝም ማለት አይችልም። እሱ በሞተ በዓመቱ ብሩክሊን ዶጀርስ ጃኪ ሮቢንሰንን አስፈረመ፤ በ1947 ሮቢንሰን ሜዳ ገባ። ተተኪው ኮሚሽነር ሃፒ ቻንድለርም አልከለከለም።

በ2020 የቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበር የላንዲስን ስም ከኮከብ ተጫዋች ሽልማቱ ላይ አነሳ። ጨዋታውን ከጉቦ ማጽዳቱ የሚካድ አይደለም፤ ሊመሰገንበትም ይገባል። ሆኖም ይግባኝ የሌለውን ሥልጣን ለአንድ ሰው የሚሰጥ ተቋም፣ የዚያን ሰው ዝምታ የሚጠይቅ አካልም አብሮ ማቆም አለበት። ቤዝቦል ያን አላደረገም፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ባለቤቶቹ ሳይሆኑ ተራቸውን ሲጠብቁ ዕድሜያቸው ያለፈባቸው ጥቁር ተጫዋቾች ናቸው።