መከላከያው የበረታበት ደረት

አስም የበሽታ መከላከያ ሲደክም የሚመጣ ሕመም አይደለም። ከሁሉም በሚበዛው፣ በአለርጂ በሚነሣው አስም መከላከያው ብርቱ ነው፤ ጥፋቱ ለአንጀት ትል ያዘጋጀውን መሣሪያ በአቧራ ላይ መምዘዙ ነው። ይህ በሕክምና መጻሕፍት ከሰፈረ ዓሥርት ዓመታት ቢያልፉም፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሶ «መከላከያን ያጎለብታል፣ አስምን ይነቅላል» የሚል ወረቀት በብልቃጥ ላይ የሚለጥፍ ነጋዴ ገዢ አጥቶ አያውቅም። ደግነቱ ብልቃጡ የተባለለትን አያደርግም። ቢያደርግማ ደረቱ በባሰበት ነበር።

ነገሩ የሚጀመረው ሕመም ከመሰማቱ በፊት ነው። በፍራሽና በብርድ ልብስ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ይኖራሉ። ኩሳቸው ወደ አየር ቧንቧ ሲገባ ጠባቂ ሴሎች ይይዙትና ቲኤች 2 ለተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ያቀርቡታል። እነዚህም ኢንተርሉኪን 4፣ 5 እና 13 የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። ኢንተርሉኪን 4 አይጂኢ የተባለው አንቲቦዲ እንዲመረት ያዛል፤ 5 ኢዮሲኖፊል የሚባሉትን ሴሎች ከመቅኔ ያስነሣል፤ 13 አክታውን ያበዛል። አይጂኢን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ፣ በስዊድን ደግሞ ዮሃንሰንና ቤኒች በየፊናቸው አገኙት። ኢሺዛካዎች ሙከራውን በገዛ ቆዳቸው ላይ ነበር ያካሄዱት።

የተመረተው አይጂኢ ማስት በሚባሉት ሴሎች ላይ ተለጥፎ ይቆያል። ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፍራሽ ይራገፋል። በደቂቃዎች ውስጥ ማስት ሴሎቹ ሂስታሚንና ሉኮትራይን ይረጫሉ፣ የቧንቧው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ደረት ሲር ሲር ይላል። ፓፉ ተስቦ ነገሩ ይረግባል፤ ምሳም በሰላም ይበላል። ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ቆይቶ ግን ሁለተኛው ዙር ይመጣል። ኢዮሲኖፊሎች የቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ገብተው ያቆጡታል፣ ያሳብጡታል። ይሄኔ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ብርድ መታው» ይላል። መስኮት ይዘጋል፣ ሕመምተኛውም ያንኑ ብርድ ልብስ እስከ አፍንጫው ይከናነባል። ቀዝቃዛ አየር የተቆጣ ቧንቧን ማባባሱ እውነት ነው፤ ያስቆጣው ግን እሱ አይደለም።

ሳልቡታሞል ፓፍ የሚያላላው ጡንቻውን ብቻ ነው፤ ቁጣው ባለበት ይቀራል። ቁጣውን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታሶን ያለው የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። ለዚህም ነው ጊና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ አውጪ በ2019 ሳልቡታሞልን ብቻውን ማዘዝ ይቅር ያለው። በየወሩ አንድ ፓፍ የሚጨርስ ሰው ታክሟል አይባልም፤ ቁጣው ለዓመታት ሲመላለስ የቧንቧው ግድግዳ ይወፍራል። «ስቴሮይድ ያሳብጣል» የሚለው የሰፈር ምክር ለረጅም ጊዜ ከሚዋጥ ኪኒን የተወሰደ ነው። የሚሳበው መጠን በማይክሮግራም የሚለካ ሲሆን፣ ከሳቡ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ በአፍ ውስጥ የሚወጣውን ፈንገስ ይከላከላል። ከዚህ በላይ ለጠናበት አይጂኢን የሚይዘው ኦማሊዙማብ ከ2003፣ ኢንተርሉኪን 5ን የሚያግደው ሜፖሊዙማብ ከ2015 ጀምሮ አሉ። ዋጋቸው ግን አይቀመስም።

መከላከያው ለምን በአቧራ ላይ እንደሚዘምት ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዷ ጅማ ናት። በ1997 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አስምና ሲርታ ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዙ አሳየ። በ2001 የወጣው ደግሞ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲርታ እንደሚያንሳቸው አገኘ። ትሉ በሰው አንጀት ውስጥ ለዓመታት ለመኖር የመከላከያውን ቁጣ ማለዘብ አለበት፤ የልዘባው ጥቅም ለሳንባም ሳይተርፍ አይቀርም የሚለው ግምት ከዚህ ተነሣ። በጅማው ሥራ የተሳተፉ የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግምቱን በመፈተን ለአስም ሕመምተኞች የመንጠቆ ትል እጭ በቆዳቸው ሰጡ። በ2010 የታተመው ውጤት አስሙ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ትሉ ደም መምጠጡን ስለማይተው፣ ለአስም ሲባል የትል መድኃኒት ይቅር የሚል ሐኪም የለም።