ጣሪያ የሌለው ዋጋ፣ ወለል የሌለው ደሞዝ!

ነፃ ገበያ መጣልን ከተባለ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እሰየው! ግን ለመሆኑ ነፃ የወጣው ማነው? ነጋዴው ዘይት ላይ የፈለገውን ዋጋ ሲለጥፍ ነፃ ነው። ኤጀንሲው ከሰው ጉልበት ላይ ድርሻውን ሲያነሳ ነፃ ነው። አንድ ነገር ብቻ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ እሱም የሠራተኛው ደሞዝ ነው!

ማስረጃ የሚፈልግ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ብቅ ይበል። ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጀሞ፣ ለቡ፣ ሃና ማርያም የታክሲ ሰልፍ ይይዛል። ሰልፈኛው ማነው? የሳሪስ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የጎፋ ሱቅ ካሸር፣ የመካኒሳ ትምህርት ቤት ጽዳት፣ የባንክ በር ጠባቂ። እነዚህ ሥራ ፈቶች አይደሉም። ሥራ አላቸው! ሥራ ይዞ መራብ ነው እንግዲህ የዘመኑ ሥልጣኔ።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። በወር 4,000 ብር የሚከፈለው አንድ ጥበቃ አለ እንበል። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ግብር የማይነካውን ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ጥሩ። ከቀሪው 2,000 ብር ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 300 ብር ለግብር ይሄዳል። ከጠቅላላው 7 በመቶ፣ 280 ብር ደግሞ ለጡረታ። እጁ ላይ የምትደርሰው 3,420 ብር ናት። ለ30 ቀን ስትመነዘር በቀን 114 ብር! የቤት ኪራይ፣ ታክሲ፣ ዳቦ፣ ሽሮ፣ የልጅ ደብተር፣ ሁሉም ከዚህችው። ኧረ በፈጠራችሁ! ይህን ማብቃቃት የሚችል የሒሳብ ሊቅ ካለ መጥቶ ያስተምረን።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ተብሎ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ዘይቱም መድኃኒቱም ዶላሩን ተከትለው ወጡ። ደሞዝ ግን መንገዱ ጠፋው መሰለኝ፣ አልተከተለም!

ላም አለኝ በሰማይ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ እያጠና የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። አዋጁ የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። 2017 ዓ.ም. አልቆ 2018 ሲጠባ የግሉ ሠራተኛ አሁንም ወለል አልነበረውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

በዚያው መስከረም የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ሆነ። እሱም ቢሆን ኑሮውን አይችልም። ቢሆንም ወለል ነው! ታዲያ መንግሥት «ከዚህ በታች አይኖርም» ብሎ ለራሱ ሠራተኛ ካመነ፣ በግል ድርጅት የሚሠራው ሰው ሆድ የለውም እንዴ?

«ወለል ከተበጀ ኢንቨስተር ይሸሻል» የሚሉ አሉ። ሐዋሳን እንጠይቃ! የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ የሐዋሳ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207። እኛ ከሁሉም ረክሰን ተገኘን። ውጤቱስ? ልጃገረዶቹ በዚያ ገንዘብ መኖር አቅቷቸው ሥራውን ጥለው ይሄዱ ነበር። ታላቁ የአሜሪካ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች.ም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ያስወጣው የደሞዝ ጭማሪ ነበር? አልነበረም! ጦርነቱና የአጎዋ መታገድ ነበር። ርካሽ ጉልበት ባለሀብትን አስሮ አያስቀምጥም። ሰላም ነው የሚያስቀምጠው።

ደሞዝ ሲነፈግ ብድር

ከተማዋ ግን በየአደባባዩ ግዙ! ግዙ! ትላለች። ሕንፃው በመስታወት፣ መንገዱ በማስታወቂያ ተሸልሟል። ቀኑን ሙሉ የሱቅ በር የሚጠብቀው ሰው ከውስጥ ያለውን የዱቄት ወተት ለልጁ መግዛት አይችልም። ሌባ እንዳይሰርቀው የሚጠብቀው ዕቃ እሱኑ ሰርቆታል!

መላ ግን አልጠፋም። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉ ብድሮችን በስልክ ያቀርባል። ብድር ክፉ ነው አላልንም። ነጋዴ ተበድሮ ነግዶ ያተርፋል። ደሞዝተኛ ተበድሮ ሽንኩርት ሲገዛ ግን የሚያተርፈው ማነው? የቸገረው እርጉዝ ያገባል! በሥራው ያልተከፈለውን ገንዘብ በዕዳ መልክ ከነአገልግሎት ክፍያው ይቀበላል።

ሠራተኛውስ? በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መትቶ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ለድርድር አስቀምጧል። የዛሬው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የመደራጀት መብትን ጽፏል። ወረቀቱ አለ፤ ሰዉ ግን «ማኅበር ያልኩ ቀን እባረራለሁ» ብሎ ይፈራል። ኢሠማኮም በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ጥያቄ ከማንበብ ያለፈ ነገር ይጠበቅበታል።

እኛ የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንድ፣ ቦርዱ ይቋቋም፤ ወለሉም በቁጥር ይነገር። ሁለት፣ ኤጀንሲዎች ከደንበኛ የሚቀበሉትና ለሠራተኛው የሚሰጡት ገንዘብ በግልጽ ይታወቅ። ሦስት፣ ተደራጀህ ብሎ ሠራተኛ የሚያባርር አሠሪ በሕግ ይጠየቅ። አብዮት አልጠየቅንም፤ የራሳቸውን ሕግ ነው የጠየቅናቸው!

ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከጥንቱ ሽቦ አልባ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። በንፋስ መልእክት የሚያስተላልፍ ስልክ ነው ብሎ ሕዝቡ ስም አወጣለት። የደሞዙ ወለልም ንፋስ ያመጣው፣ ንፋስ የሚወስደው ወሬ ሆኖ እንዳይቀር!

ልብ ያለው ልብ ይበል!