የተወጋ አይረሳም፤ የተወጋው ሲያልፍስ?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። በጀርመን ቫይማር ከተማ አጠገብ፣ በኤተርስበርግ ኮረብታ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ግን ከተረቱ ያለፈ ነው። የተወጉት አንድ በአንድ ሲያልፉ ማን ያስታውስ?

ናዚዎች የቡኸንዋልድን ማጎሪያ ካምፕ የከፈቱት በጁላይ 1937 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ቫይማር ጎተና ሺለር የኖሩባት፣ የጀርመን ሥነ ጽሑፍ መኩሪያ ናት። ይህ ሁሉ ግን ለጭካኔው አጥር አልሆነም። በካምፑ የብረት በር ላይ «ለእያንዳንዱ የድርሻው» የሚል ጽሑፍ፣ ከውስጥ ሆነው እስረኞቹ እንዲያነቡት ተደርጎ ተሠራ። እስከ 1945 ድረስ 280 ሺሕ ያህል ሰዎች ወደ ካምፑና ወደ ቅርንጫፎቹ ተግዘዋል። ከእነዚህ ውስጥ 56 ሺሕ ያህሉ በረሃብ፣ በበሽታ፣ በጉልበት ሥራና በግድያ አልቀዋል። የአሜሪካ ጦር የደረሰው ኤፕሪል 11 ቀን 1945 ነው።

ይሁን እንጂ ስፍራው በዚያው አላረፈም። ሶቪየት ኅብረት እስከ 1950 ድረስ 28 ሺሕ ያህል ሰዎችን እዚያው አሰረች፤ ከ7 ሺሕ በላይ የሚሆኑት ሞቱ። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ደግሞ በ1958 ግዙፍ ሐውልት አቆመ። በዚህ ሐውልት የታሪኩ ጀግኖች ኮሚኒስት እስረኞች ብቻ መሰሉ፤ የይሁዲዎቹ እልቂት ወደ ዳር ተገፋ፣ በሶቪየት እስር የሞቱትም ሳይነሱ ቀሩ። ስለ እነዚህኞቹ የሚናገር ኤግዚቢሽን የተከፈተው ከጀርመን ውህደት በኋላ፣ በ1997 ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ካምፕ ከታሰሩት ብዙዎቹ የናዚ ፓርቲ ዝቅተኛ ሹማምንት ነበሩ፤ ያለ ጥፋታቸው የተያዙም አልጠፉም። ሁለቱን ካምፖች እኩል ማድረግ ስህተት ነው። አንዱን በሌላው መሸፈንም እንዲሁ።

ፈተናው ዛሬም አላበቃም። አማራጭ ለጀርመን የተባለው ፓርቲ በሴፕቴምበር 2024 በቱሪንጂያ ምርጫ 32.8 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አንደኛ ወጥቷል። የግዛቲቱ የፓርቲው መሪ ቢዮርን ሆከ በ2017 ጀርመን በትዝታ ፖሊሲዋ የ180 ዲግሪ ዙር እንድታደርግ ጠይቆ ነበር። በ2022 ለሟቾቹ መታሰቢያ የተተከሉ ዛፎች ተቆርጠው ተገኝተዋል። በ2025 በተከበረው 80ኛ ዓመት ደግሞ ፈላስፋው ኦምሪ ቦህም ሊያደርገው የነበረው ንግግር በእስራኤል ኤምባሲ ግፊት ሳቢያ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። የሞቱት ዝም ባሉበት፣ በስማቸው መናገር የሚሻው ብዙ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሐውልት ይልቅ አንዲት የብረት ሰሌዳ ብዙ ትናገራለች። በ1995 በመሰለፊያው ሜዳ ላይ የተቀበረችው ይህች ሰሌዳ ክረምት ከበጋ በ37 ዲግሪ ሙቀት ትጠበቃለች፤ በሰው ገላ ሙቀት ማለት ነው። በረዶ ሲጥል ሌላው ሜዳ ይነጣል፤ እሷ ላይ ግን ይቀልጣል። ሙቀቱ እንዳይቋረጥ የሚተጋ ሰው ግን ያስፈልጋል። ትዝታም እንዲሁ ነው።