ሠልጥኖ የሚመለስበት ቤት

ለወጣት የኪነ ጥበብና የባህል ባለሙያዎች የሚወጡ ዓለም አቀፍ የአመራር ሥልጠና ጥሪዎች በርክተዋል። አመልካቹ ደህና አድርጎ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከተሳካለት ቪዛ ያገኛል፣ ለጥቂት ሳምንታት ከየአገሩ ከመጡ እኩዮቹ ጋር ስለ ዕቅድ፣ ስለ ገንዘብ ማሰባሰብና ስለ ተመልካች ማፍራት ሲማር ይቆይና ምስክር ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል። ሥልጠናው ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የምከራከረው ስለ ምርጫው ነው። አዘጋጆቹ አንድን ሰው፣ ተሰጥኦውንና ምኞቱን ብቻ መዝነው ይወስዱታል። መመዘን የነበረበት ግን ሰውየው ተመልሶ የሚገባበት ቤትም ጭምር ነው፤ ቴአትር ቤቱ፣ ሙዚየሙ፣ ማኅበሩ፣ ፌስቲቫሉ። የሚመለስበት ቤት ያልተዘጋጀለት ሠልጣኝ የተማረውን የሚያውልበት አያገኝም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1962 የኮሎኝ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመጣ የሚያስተምርበት ክፍል እዚያ ይጠብቀው ነበር። እስክንድር ቦጎሲያንም ከለንደንና ከፓሪስ ዓመታት በኋላ በዚያው ትምህርት ቤት አስተምሯል። ጸሐፌ ተውኔቱ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ለንደን በሮያል ኮርት፣ ፓሪስ በኮሜዲ ፍራንሴዝ የመድረክ ሥራን አጥንቶ ሲመለስ፣ በ1955 በሩን የከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት መድረኩ፣ ተዋንያኑና ሙዚቀኞቹ ተሟልተው ነበር። ጸጋዬ ያንን ቤት መራ፤ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ዋና እጅ ነበረው። የእነዚህ ሰዎች ችሎታ አያጠራጥርም። ሆኖም ውጭ አገር የቀሰሙት ነገር በተማሪዎቻቸውና በተውኔቶቻቸው በኩል ለእኛ የደረሰው ክፍሉና መድረኩ ስለነበረ ነው። እስክንድር ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ ለረጅም ዓመታት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ ያ ሁሉ እውቀት ለዋሽንግተን ተማሪዎች ሆነ። እውቀቱ ማስተማሪያ ክፍሉ ወዳለበት ሄደ ማለት ነው።

አሁን ያለውን ሥልጠና ይዘት ቀረብ ብለን እንየው። በዚህ ዘርፍ ስማቸው ከሚጠራ አሠልጣኞች አንዱ አሜሪካዊው ማይክል ካይዘር ነው። የአልቪን ኤሊን የዳንስ ቡድንና የለንደኑን ሮያል ኦፔራ ሃውስ መርቷል፤ ከ2001 እስከ 2014 ደግሞ የዋሽንግተኑ ኬኔዲ ማዕከል ፕሬዚዳንት ነበር፤ በዚያም የኪነ ጥበብ ሥራ አመራር ማሠልጠኛ አቋቁሟል። ካይዘር አጥብቆ የሚያስተምረው ነገር የጥበብ ሥራን አራትና አምስት ዓመት ቀድሞ ማቀድ ነው፤ ትልቅ ሥራ ለማዘጋጀት፣ አጋር ለመፈለግና ለጋሽ ለማሳመን ጊዜ ይገኛልና። ምክሩ ጥሩ ነው። ይህንን ተምሮ በመንግሥት በጀት ወደሚተዳደር የአዲስ አበባ ቴአትር ቤት የተመለሰ አንድ ባለሙያ ግን ምን ይጠብቀዋል? በጀቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 የሚዘጋ የአንድ ዓመት በጀት ነው። ገንዘቡ በየርዕሱ ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው ለማዛወር ማስፈቀድ ያስፈልጋል። አምፖልም ሆነ መጋረጃ ለመግዛት የግዢ ሥርዓቱን ጠብቆ መሄድ ግድ ነው። በዚህ ላይ ሠልጣኙ ወጣት ስለሆነ መካከለኛ ባለሙያ እንጂ ፈራሚ አይደለም። መፈረም የሚችለው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ሥልጠናው ላይ አልነበረም፤ ስለምን እንደተወራም አያውቅም። የአምስት ዓመቱ ዕቅድ በላፕቶፑ ውስጥ ይቀመጣል፣ ልጁም ከዓመት በኋላ ሌላ የሥልጠና ጥሪ ያመለክታል። እንዲህ ያለውን ወጣት ሥልጠና አሳዳጅ ብሎ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። የሠለጠነውን የሚሠራበት ቦታ ሲያጣ፣ ሐሳቡን ከቁም ነገር የሚቆጥርለት ሰው ያለበትን ክፍል ይፈልጋል።

ከነዚሁ ፕሮግራሞች መካከል ይህንን ችግር ያዩ አሉ። የካይዘር ማሠልጠኛ ከየአገሩ የሚቀበላቸውን የኪነ ጥበብ ሥራ አስኪያጆች በአንድ ጊዜ አስተምሮ አይሸኝም ነበር፤ ለሦስት ተከታታይ ክረምቶች አራት አራት ሳምንት እየጠራ፣ በመካከሉ ወደየሥራቸው እንዲመለሱ ያደርግ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ትምህርት በመሥሪያ ቤቱ ተሞክሮ፣ ያልሠራው ምን እንደሆነ ታውቆ ወደ ሁለተኛው ክረምት ይመጣል። በሳልዝበርግ ሊዮፖልድስክሮን ቤተ መንግሥት ከ2014 ጀምሮ ወጣት የባህል ሰዎችን ያሰባሰበው መድረክ ደግሞ ከየዓለሙ አንድ አንድ ሰው ከመልቀም ይልቅ እንደ ዲትሮይት፣ ሜምፊስና ኬፕ ታውን ካሉ ከተሞች ሰዎችን በቡድን ወስዷል። ከአንድ ከተማ አምስት ሰው ከሄደ፣ ሲመለሱ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ይረዳል፤ አለቃ ፊትም ብቻውን የሚቆም የለም። እኔ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ምክንያቱም ብቸኝነት ብዙ ጥሩ ሐሳብ ገድሏል።

ብርቱው ተቃውሞ እንዲህ የሚል ነው፦ በኢትዮጵያ ካሉ ወጣት የጥበብ ሰዎች ብዙዎቹ በግላቸው የሚሠሩ ናቸው፤ ተቋም ያለው ብቻ ይሂድ ከተባለ ዕድሉ ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ አዲስ ነገር የሚወልዱት ደግሞ ከቢሮ ውጭ ያሉት ናቸው። ስጋቱ እውነት ነው፤ መልሱ ግን ቤት የምንለውን ማስፋት ነው። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትመሠርት የመንግሥት መዋቅር አላስፈለጋትም። መላኩ በላይ ፈንድቃን ከአዝማሪ ቤትነት አሳድጎ ሥዕልና ሙዚቃ የሚገናኙበት የባህል ማዕከል ያደረገው በዳንሰኛነት ጀምሮ ነው። ሦስት ሠዓሊዎች ተባብረው የተከራዩት ስቱዲዮም ቤት ነው። የሚፈለገው ማኅተም ሳይሆን ሥራውን አብረው የሚሸከሙ ሰዎች መኖራቸው ነው። ለእነሱ ደግሞ ከአውሮፕላን ትኬቱ ይልቅ የአንድ ዓመት የቤት ኪራይና የአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ይበልጥ ሊጠቅማቸው ስለሚችል፣ ለጋሾች ከሥልጠናው ወጪ ከፊሉን ወደዚያ ቢያዞሩት እደግፋለሁ።

እንደ መላኩ ያሉትን እየጠቀሱ መሪ በሥራ እንጂ በሥልጠና አይፈጠርም የሚሉም አሉ። እኔም በሥራ ይፈጠራል እላለሁ። ነገር ግን በሥራ የተፈጠረው መሪ የውል አጻጻፍ፣ የቅጂ መብት፣ የውጭ ጉዞ አዘገጃጀትና የሒሳብ አያያዝ ሲያስቸግረው የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል፤ ያንን ከሌሎች አገሮች ልምድ መውሰድ የሚያስነውር ነገር የለውም። የውጭው ትምህርት የሚጎዳው እንዳለ ሲገለበጥ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካው ለጋሽ የሚሰጠው ገንዘብ ከግብሩ ላይ የሚያስገኝለት ቅናሽ አለ፤ እኛ ዘንድ ስፖንሰር የሚሆነው ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ባነሩ እንዲታይለት ነው። ይህንን ልዩነት አውቆ የሚያስተምር የአገር ሰው በየሥልጠናው መኖር አለበት።

ከውጭ አዘጋጆች ባልተናነሰ ኃላፊነቱ የኛም ነው። ለሠልጣኙ የፈቃድ ደብዳቤ የሚፈርመው ሥራ አስኪያጅ ከመፈረሙ በፊት ልጁን ጠርቶ ምን ልትማር ነው፣ ስትመለስ የትኛውን ሥራ ልስጥህ ብሎ ይጠይቀው። የተስማሙበትን በጽሑፍ ያስቀምጡት፤ የሚሞከረው አዲስ አሠራር ከሚቀጥለው ሐምሌ በጀት ውስጥ ትንሽም ብትሆን ገንዘብ ይያዝለት። የውጭው አዘጋጅም ያንን ወረቀት ከማመልከቻው ጋር ይጠይቅ፤ ከስድስት ወር በኋላም ደውሎ ሠልጣኙንና ሥራ አስኪያጁን አንድ ላይ ያነጋግር።