ጎጆዋ የት ነው?

እኔና ባለቤቴ የምናሳድጋት የሰባት ዓመት የልጅ ልጅ አለችን። እናቷ ለሥራ ዓረብ አገር ከሄደች አራት ዓመት ሆናት። ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ልጅቷን ይዤ እዚሁ መካኒሳ፣ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ወፍ ልናይ ወጣን።

ውኃው የተበከለ ስለሆነ ራቅ ብለን ቆምን። ብዙም ሳንቆይ ደረቷ እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሆነ፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ወፍ፣ ከሚግጡ በጎች እግር ሥር ነፍሳት ስትለቅም አየን።

«አባባ፣ የመስቀል ወፍ!» አለች።

አይደለችም አልኳት። የመስቀል ወፍ የምንለው ዓመቱን ሙሉ አብሮን አለ። ወንዱ በዝናቡ ወራት ያጌጠበትን ላባ በበጋ ይቀይርና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል፤ አናውቀውም እንጂ የትም አልሄደም። ይህቺ ግን እውነተኛ መንገደኛ ናት። የምትፈለፍለው አውሮፓና እስያ ነው። እዚያ ብርዱ ሲመጣና ነፍሳቱ ሲጠፉ በረሃና ባሕር አቋርጣ በመስከረም ትደርሳለች፤ ሚያዝያ ገደማ ትመለሳለች። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው፤ የአንድ እንቁላል ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና፣ «እዚህ የመጣችው ለምግብ ነው ማለት ነው? ጎጆዋ እዚያ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«የእናቴስ ጎጆ የት ነው?»

«አንቺ ያለሽበት ነዋ!» አልኳት። አፌ ቢመልስም ልቤ አላረፈም። እንዳይከፋት ብለን የእናቷን መመለስ በፊቷ አናነሳም ነበር። ለካ ዝም ስንላት የራሷን መልስ ስትፈልግ ኖራለች።

ያን ዕለት ማታ ስልክ ሲደወል፣ እንደ ወትሮው በጤናና በገንዘብ ጉዳይ አልጀመርንም። ስልኩን አስቀድመን ለልጅቷ ሰጠናት። ስለ ወፏ አውርታ ስታበቃ ያንኑ ጥያቄ እናቷን ጠየቀቻት። ልጄ ለአፍታ ድምፅዋ ጠፋ። ከዚያ ውሏ በሐምሌ እንደሚያልቅና ልትመጣ እንዳሰበች ነገረቻት። ለእኛም አዲስ ወሬ ነበር።

እናትና አባታቸው በሩቅ ያሉ ልጆች የምታሳድጉ ሁሉ፣ ስለ መምጣትና መሄድ ከልጆቹ ጋር አውሩ። ማውራቱ ከከበዳችሁ ማለዳ ወፍ ልታሳዩአቸው ውጡ፤ ወፎቹ እስከ ሚያዝያ አሉ። ጥያቄውን ልጆቹ ራሳቸው ያመጡታል።

የእኛዋ ቀን መቁጠሪያው ላይ ሐምሌን በቢጫ ቀለም ከባዋለች።