ማስታገሻ ጥርስ አያድንም

«ጥርስ ገድሎ አያውቅም፤ ዕቃዬን ልሽጥና እታከማለሁ።» ይህን ሞያሌ ላይ፣ በኢትዮጵያውም በኬንያውም በኩል፣ ያልሰማ ነጋዴ የለም። እኔም ብዬዋለሁ። ዛሬ ግን ውሸት ነው እላለሁ፤ ያውም ውድ ውሸት።

የራሴን ልንገራችሁ። የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ መጀመሪያ የሚጠዘጥዘኝ ቀዝቃዛ ስጠጣ ብቻ ነበር። ያኔ ብሄድ በአንድ ቀጠሮ ይሞላልኝ ነበር። አልሄድኩም። ቅርንፉድ ነከስኩ፣ ማስታገሻ ዋጥኩ። ቀጥሎ ሌሊት ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ ጀመር። አንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ሸጠልኝ፤ ሁለት ቀን ወስጄ ተውኩት። ከዚያ ሕመሙ ድንገት ጠፋ። «ዳንኩ» ብዬ ጭነቴን ይዤ ወደ ናይሮቢ ወጣሁ። ለካ አልዳንኩም፤ የጥርሱ ነርቭ ሞቶ ነው። ኢሲዮሎ ሳንደርስ ጉንጬ አበጠ፣ አፌን መክፈት አቃተኝ። ጥርሴም ተነቀለ፣ የሳምንቱ ገበያዬም ቀረ።

ንግድ የተማርኩ ሰው ሆኜ ሒሳቡን የሠራሁት ከተነቀለ በኋላ ነው! ጎማው የተበላሸ መኪና ይዞ ከሞያሌ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚነዳ ሾፌር ቢገጥመን እንጮህበታለን። በራሳችን አፍ ግን ዝም እንላለን።

እንግዲህ ምልክቱን እንወቅ። ሕመሙ ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ሌሊት ካስነሳችሁ፣ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ ከቀመሳችሁ በኋላ ቶሎ ካልለቀቃችሁ፣ ስታኝኩ ከወጋችሁ፣ ድድ ላይ መግል የቋጠረ እብጠት ካያችሁ፣ ወደ ጥርስ ሐኪም ሂዱ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ይህን ያህልም አይጠብቅ። ፊት ወይም አንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ፣ መተንፈስ ወይም አፍ መክፈት ካስቸገረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። «ጥርስ አይገድልም» የሚባለው ተረት የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

«መድኃኒት ወስጃለሁ» የምትሉኝ አላችሁ። አንቲባዮቲክ የተቦረቦረ ጥርስ አይሞላም፤ ምንጩ እዚያው ሆኖ እብጠቱን ለጊዜው ቢያበርደው ነው። ማስታገሻ መደራረብም በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣል፤ ፓራሲታሞልም ከልክ ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል። አስፕሪን ድድ ላይ የምታስቀምጡ ደግሞ ድዳችሁን ታቃጥላላችሁ እንጂ ጥርሳችሁን አታክሙም።

«ሐኪም የሚያውቀው መንቀል ነው» የምትሉም አላችሁ። መንቀልን ያመጣው መዘግየታችን ነው። በጊዜ የመጣ ይሞላል፤ የዘገየም ቢሆን ብዙ ጊዜ በሥር ሕክምና ይተርፋል። ጉጠቱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

«የልጅ ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» የምትሉ እናቶች ሆይ፣ የወተት ጥርስም ይመግላል፤ ሕፃኑም እንደ እናንተ ሌሊቱን ያለቅሳል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ዕዳን ወለዱ ሳይበዛ የሚከፍል ነጋዴ ጎበዝ ከተባለ፣ ጥርሱን ሳያብጥ የሚያሳይማ ከእሱ ይበልጣል። የሚቀጥለው ጭነት ከመነሳቱ በፊት የሚያማችሁን ጥርስ አሳዩ። ገበያው ነገም አለ፤ የተነቀለ ጥርስ ግን መልሶ አይበቅልም።